የሐሙሱ አሲድና መጋረጃ ጠባቂዋ መምህርት

ለክብርት ወይዘሮ ሲያማሉቤ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ዲን

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎም በር እንደተለመደው ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ይሁን።

እኔ ሃቺፑካ በስድስት ወር የማታ ትምህርት የወረዳችንን መጻሕፍት ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሁሉንም ስል ሽፋናቸውን ነው፤ ከሽፋናቸውም ትልልቁን ፊደል። ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ይበቃል።

አንደኛ፤ ማታ እኛን ያስተማሩን ወይዘሮ ናሞንጋ ስለነበሩ አመሰግናለሁ። የከብት መዥገር መድኃኒት ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንበልብዬ ሳነብላቸው፣ «ጎበዝ! አሁን በባዶው ጣሳ አድርገህ አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ሃቺፑካ፣ ከብቶችህ አልቀዋል፤ ድገም!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀን ቀን ደግሞ እጩ መምህራንዎን፣ «ሳይንስ ስታስተምሩ ቋንቋውንም አስተምሩ፤ ልጁ በራሱ አፍ ሳይነግራችሁ አትለፉ» ይሏቸው ነበር። እርስዎ ግን ይህ አካሄድ ትምህርት ያዘገያል ብለው በሩቁ ቅርንጫፍ የአዳራሽ መጋረጃ ጠባቂ አድርገዋቸዋል። መጋረጃዎቹ እስካሁን አንድም ጥፋት አልሠሩም።

ሁለተኛ፤ ስለላኩልን ፈጣን ተለማማጅ መምህር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማክሰኞ ከልጄ ክፍል ኋላ ተቀምጬ ሰማኋቸው። አሲድና ውሃ እንዴት እንደሚቀላቀል አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አነበነቡና «አብረን ነን?» አሉ። «አዎ፣ መምህር!» ጣሪያው ተናወጠ። እኔም ብያለሁ፤ አፌ ለምዶበት። ቤት ስንገባ ልጄን ቾልዌን፣ የቱ በየቱ ላይ እንደሚፈስ ጠየቅኋት። «ኧረ ታታ፣ እሱን ማን ጠየቀን? አብረን ነን አልን እኮ!» ብላ ሳቀች። መምህሩን ብጠይቃቸው ያንኑ ገጽ ደግመው አነበቡልኝ። በተቃራኒው ከፈሰሰ ፊት ላይ እንደሚፈናጠር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነግሮኛል፤ ተቃራኒው የቱ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

ሦስተኛ የለም፤ የአሲዱ ሙከራ የሚደረግበት ሐሙስ ብቻ አለ። ጠርሙሶቹ መጥተው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። መጀመሪያ የምትቀዳው ቾልዌ ናት። የተመረጠችውም ከሁሉ አስበልጣ «አዎ» ስለምትጮህ ነው። የኔ ከብቶች በማግስቱም ሣራቸውን ሲግጡ ነበር። አሲድ ግን «ድገሚ» አይልም።

መጋረጃዎቹ እስከ ሐሙስ ያለ ጠባቂ መዋል ይችሉ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወገቤ እስኪቀነጠስ እጅ እየነሣሁ፣ በጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምኩ፣

ሃቺፑካ፣ የቾልዌ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ አንድ ነገር ከራሴ ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ቾልዌ አልሳቀችም። «ታታ፣ አንተስ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።