የሚከፈልበት ዲሽና የእኔ ዋንዛ

ሰኞ

ዛሬም አልመጣም። ወንበሩን አዘጋጅቼ ዜናው እስኪጀመር በር በሩን ሳይ ነበር። ጓደኛዬ ጴጥሮስ ግን ቤቴን አልፎ ታደለ ቤት ገባ። በዓይኔ አየሁት። ሰላም ያለኝ እንኳ እጁን ብቻ አንስቶ ነው፣ እንደ ባለሥልጣን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ታደለ ጎረቤቴ ነው፣ ቡና ነጋዴ። በየወሩ የሚከፈልበት ዲሽ አስገብቷል። የአውሮፓ ኳስ አለው። ጴጥሮስ ለኳስ ብሎ ጥሎኝ ሄደ። በዚህ ዕድሜው!

ልጄ ማርታ ከቴፒ ደወለች። ሳላስበው ነገርኳት። «አባዬ፣ እኔ አስገባልሃለሁ፣ የወሩንም ከዚህ እከፍላለሁ» አለች። እምቢ አልኩ። ቆይቼ ደግሞ «እስኪ ባለሙያው መጥቶ ይየው» አልኩ።

ማክሰኞ

ዲሽ የሚተክለው ሰው ከአማን ከተማ መጣ። የእኔ ነጻው ዲሽ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፣ በዚያ በኩል የሚጋርደው የለም። የሚከፈልበት ግን አንጋጦ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው። ከግቢዬ በላይ ደግሞ ዋንዛው አለ።

«አባባ፣ ይሄ ትልቁ ቅርንጫፍ ካልተቆረጠ ምስል አይመጣም» አለኝ።

«ከሥሩ ያለው ቡናስ?»

«ቡናውን አላውቅም አባባ። እኔ የማውቀው ዲሽ ነው።»

ጥላው ከሄደ ቡናዬን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ያን እያወቅሁ «ዓርብ ተመለስ፣ እኔው ቆርጬ እጠብቅሃለሁ» አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ረቡዕ

ማርታ «አመዛዝነህ ወስን» ብላኛለች። ይኸው አመዛዘንኩ።

ነጻው። ዜና አለ። መዝሙር አለ። በአማርኛ የተተረጎመ ድራማም አለ፣ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት፣ እኔ አላየውም። ሪሲቨሩ አንዴ ተገዛ፣ በቃ።

የሚከፈልበት። ኳስ፣ ፊልም፣ የልጆች። ግማሹ የማልሰማው ቋንቋ ነው። ወሩ ሲያልቅ ጥርቅም ይላል። ባለፈው ታደለ ሳይከፍል መንገድ ሄዶ፣ ሚስቱ አስቴር እኔ ቤት መጥታ አመሸች።

ዝናብ። ሲበረታ ሁለቱም ይጠፋሉ። የከተማችን የሚዛን ዝናብ የከፈለና ያልከፈለ አይለይም።

ሲመዘን ነጻው ይበልጣል። ጴጥሮስ ግን የሚከፈልበት ጋ ነው።

ሐሙስ

ለቅርንጫፉ መጋዝ ልዋስ ወደ ማታ ታደለ ቤት ሄድኩ። ታደለ የለም። ጴጥሮስ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዓሣ ይዋኛል።

«ኳሱስ?» አልኩት።

«የምን ኳስ? እኔ መቼ ኳስ ወድጄ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ዓሣ ልታይ ነው የምትመጣው?»

«ዓሣም አያለሁ። ሲሰለቸኝ እቀይራለሁ።» ሪሞቱን አንስቶ አሳየኝ። «አስቴር ገና ስገባ ትሰጠኛለች። አንተ ቤት እኮ ሪሞቱ የሚኖረው ኮትህ ኪስ ውስጥ ነው። ሽንት ቤት እንኳ ይዘኸው ነው የምትሄደው!»

አስቴር ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። «እውነቱን ነው አባባ። እኔም ያን ቀን ድራማዬን እንዲያደርጉልኝ መጠየቅ ፈርቼ ነው የወጣሁት።»

መጋዙን ይዤ ወጣሁ። ደህና እደሩም አላልኩ።

ዓርብ

ንዴቴ አልበረደም። ቴሌቪዥኑ የእኔ ነው። የዲሹን ብረት ራሴ ነኝ ጉድጓድ ቆፍሬ ያቆምኩት። ሪሞቱስ የማን ሊሆን ነው?

ጠዋት መጋዙን ይዤ ዋንዛው ሥር ብዙ ቆምኩ። ቡናው ቀልቷል። ለኳስ የሄደ መስሎኝ ነበር፣ ኳስ ካልሆነ ለምን እቆርጣለሁ?

ባለሙያው መጣ። «አልቆርጥም» አልኩት።

«ኧረ አባባ፣ ልጅዎ ከፍላለች እኮ!»

«እሷ ቤት ትከለው።»

ለማርታ ነጻው ይበልጣል አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ማታ መጋዙን ልመልስ ሄድኩ። ጴጥሮስ እዚያው ነው፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ፊቴን ወደ አስቴር አድርጌ፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ከነገ ጀምሮ የእኔ ቤት ሪሞት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው» አልኩ። መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ቅዳሜ

መጣ! «ዝናብ ይዞኝ ነው» አለ። ዝናብ የለም።

ተቀመጠ። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሁለታችንም አንነካውም። ዜናው ጀመረ። ጴጥሮስ አየኝ፣ ሪሞቱን አየ፣ አነሳው፣ ቀየረው። ድራማ። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ዜናው ገና አርእስቱ እንኳ አላለቀም ነበር። እጄ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ተመለሰች።

«ድምፁን ልጨምር?» አለኝ።

«ሪሞቱ አንተ ጋ አይደል እንዴ!» ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት። እሱ ግን ጨመረ።

እስኪያልቅ አየን። የሴትዮዋን ስም አልያዝኩም። ባሏ ወደ ሩቅ አገር ሄዶባት ነው የምታለቅሰው። ጴጥሮስ ተነሳ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ባሏ ነገ ነው የሚመለሰው» አለኝ።

ነገም ይመጣል ማለት ነው መሰለኝ።