የታጠበው የኦክስጅን ጠጠር

ጁባ፣ አትላባራ። ማክሰኞ፣ ሰኔ 3።

የአጎቴ የሐጂ ሰዒድ የኦክስጅን ማሽን ደክሟል። ከአየሩ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈው፣ ውስጡ ያለው ባለ ቀዳዳ ጠጠር ነው። ውሃ ከነካው አለቀለት። አዲሱ ጠጠር ትናንት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ዛሬ ቴክኒሻኑ ኢዮብ ሊቀይረው ሲደርስ ግቢው ውስጥ በሰፌድ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አገኘው። አክስቴ ዘይነባ አጥባዋለች።

«በሦስት ውሃ ነው ያጠብኩት» አለች፣ ምስጋና እየጠበቀች። «አቧራ ነበረው። ባሌ አቧራ ይሳብ እንዴ?»

ለሁሉ ነገር «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ የሚለው ኢዮብ የመሣሪያ ሳጥኑን መልሶ ዘጋ። ሌላ ጠጠር እስኪመጣ ያለን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ነው። ለሐጂ ይበቃቸው እንደሆነ አላውቅም።

ሐጂ ጭምብላቸውን ገለጥ አድርገው «ኢዮብ፣ ሲሊንደሩን ከዘይነባ ደብቅልኝ፤ አጥባ ታሰጣዋለች» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ተሯሩጠን ጭምብሉን መለስንላቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ቀልድ ከልክያለሁ። ዘይነባ አኩርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። እሳቸው ግን ጀርባዋን ባዩ ቁጥር ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።