አንዲት ስድቧን ይላኩልኝ

ይድረስ ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ገብረወልድ ወዬሳ፤ አርሲ ነገሌ።

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ እትዬ ዲንቄ እንዴት ናቸው? የአባታችን ወገብ ተሻላቸው ወይ? እህታችን መሰለች ደህና ናት? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረመ? እኔ ታናሽ ወንድምዎ መርዳሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአዳማ አቧራ በቀር የሚያስለኝ ነገር የለም። እናታችንስ ደህና ናት ወይ? ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ እንደ ወጉ ጠየቅሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ግን ለወግ አልጠየቅሁም። እባክዎ ይህን ደብዳቤ ሰው ፊት አያንብቡት፤ ወደ ጓሮ ይዘውት ይሂዱ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ከቤት ስወጣ መጻፍ የምችል መስሎኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ «ከሰማይ ኮከብ፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ» ብዬ መጀመር አውቅ ነበርና ከዚህ በላይ ምን አለ ብዬ! ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ስገባ ግን የጽሕፈት መምህራችን መምህር ሙሉብርሃን ኮከቤንም አሸዋዬንም በቀይ ቀለም ሰርዘው «ይህ የሁሉ ሰው ነው፤ ያንተ የቱ ነው?» አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ የኔ የሚባል አንድ መስመር አጣሁ። አፋቸው እሬት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ወረቀቴን በርበሬ ሲያስመስሉት ከረሙ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ያውቁኛል። እስቲ ምን ጎደለኝ ብዬ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያው ላይ እየቆምኩ ሰው ሲነጋገር መስማት ጀመርኩ። ዳቦ ሻጪዋ ስታባብል፣ ተሸካሚው ሲሳደብ፣ ነጋዴው ዋጋ ለመጥራት ሲያመነታ። ለካስ ሰው ሁሉ እንደ አካሄዱ አነጋገሩም የራሱ ኖሯል።

ከጥምቀት በኋላ መምህሩ፣ የምታውቁትን ሰው ስሙንም መልኩንም ሳትነግሩን በአነጋገሩ ብቻ ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ሌሎቹ ስለ ጭቃ ሹሙ፣ ስለ ሰፈሩ ሰካራም ጻፉ። እኔ እናታችንን ጻፍኩ። ቃሏን እንዳልስት ብዬ፣ እሷ እየተናገረች እርስዎ የጻፉልኝን ደብዳቤዎች ከሳጥኔ አወጣሁ። የድሮዎቹ መቼም ጉድ ናቸው! እርስዎ «በትምህርትህ ጽና፣ እግዚአብሔርን ፍራ» ብለው ሳይጨርሱ እሷ ጥልቅ ብላ «ያ የሽንብራ አገዳ የሚያህል አንገትህ ወፈረ ወይስ አሁንም ቀለሙን ነው የምትበላው?» ትላለች። «የቡዜ ዶሮ ጎመኔን ጨረሰችው፤ ቡዜ ብነግራት ዶሮዬ ጾመኛ ናት አለችኝ» ትላለች። ደህና ነህ ወይ ብላኝ አታውቅም፤ «በላህ ወይ፣ አንተ ገልቱ!» ነው የምትለው። ጽሑፌን ሳነብ ተማሪው ሁሉ አውካካ። ይቺማ የኔ እናት ናት የማይል አልነበረም። ሳቅ የማያውቁት መምህር ሙሉብርሃን እንኳ ጥርሳቸው ታየ፤ ወረቀቴም አንድም ቦታ ሳይቀላ ተመለሰልኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደብዳቤዎቹን ወደ ሳጥኑ ስመልስ ነው የደነገጥኩት። ተማሪው የሳቀበትን ቃል ሁሉ የወሰድኩት ከመስከረም በፊት ከመጡት ነው። ከጥቅምት ወዲህ በመጡት ውስጥ እናታችን የለችም። «እናትህ ደህና ናት፤ ሰላም ትልሃለች» ይላሉ፤ ሁሉም እንዲያው ይህንኑ ይላሉ። ስድብ የለ፣ ጎመን የለ፣ ከቡዜ ጋር ጠብ የለ። መጀመሪያ እርስዎን ነው የወቀስኩት፤ ሰነፉ፣ የምትልዎትን ሁሉ መጻፍ ታከትዎት ብዬ።

ከዚያ አክስታችን ዘርፉ ትዝ አለችኝ። የማድረው ቤቷ፣ የምበላው ከማዕዷ፤ በየቀኑ አያታለሁ፣ ግን አላየኋትም ነበር። በጥቅምት አቦን ለመሳለም ዝቋላ እወጣለሁ ብላ ሄዳ ስትመለስ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። መላጨቱ ስለት ነው አለችኝ፤ ድምጿን የተራራው ብርድ ነው አለችኝ። አመንኳት። ደብዳቤዎቹን ካየሁ በኋላ ግን፣ አክስቴ፣ ያን ጊዜ እውነት የት ነበርሽ ብላት «ወግድ! ሟርተኛ! በእናትህ ላይ ታሟርታለህ?» ብላ ጮኸችብኝና ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ጭሱ ነው አለች። ምድጃው ውስጥ እሳት አልነበረም።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው በሁዳዴ መግቢያ ያን ውሸት የጻፍኩልዎ። ያስታውሳሉ፤ ታምሜ፣ ሐኪም አዞኝ፣ በጾሙ ሥጋ እየበላሁ ዳንኩ ያልኩትን። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንኳን ሥጋ ወተትም አልቀመስኩ፤ እናታችንን ላስቆጣ ብዬ ነው። ያቺ ሴት ይህን ሰምታ ዝም ትላለች? ዓርብ ቀን ወጡ ቅቤ ነክቶታል ብላ ጉርሻው ከአፋችን ሳይወርድ ከሰርግ ቤት ያስነሳችን ሴት? ሐኪሙንም እኔንም አክስታችንንም በአንድነት ረግማ፣ በቅሎ ጫኑልኝና ልሂድ ባለች ነበር። ነጋዴው አብደላ መልስዎን ባለፈው ሳምንት አመጣልኝ። «እናትህም ጤናህ በመመለሱ ደስ ብሏታል፤ ሰላም ትልሃለች» ይላል። አብደላን፣ እናቴን በዓይንህ አይተሃታል ወይ ብዬ ብጠይቀው የበቅሎዋን ጭነት ማጥበቅ ያዘ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዙሮ።

አውቃለሁ፣ ለክፋት አይደለም። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገር። ትምህርቱን እስኪጨርስ ብለው ይሆናል። አባታችንም አትንገሩት ብለው አዘው ይሆናል። ግን ተናድጃለሁ ጋሼ! ይቅር ይበሉኝና በጣም ተናድጃለሁ። ሰው ሁሉ አልቅሶላት፣ ማቅ ለብሶ፣ ተዝካሯን በልቶ፣ የወለደችኝ እኔ ብቻ ጥምቀትን ስጨፍር አልፌ ከሆነስ? እግዜር ያሳይዎ! ደግሞ ልሳሳትም እችላለሁ። እሷ በደህናዋ ቁጭ ብላ እኔ እዚህ በቁሟ እየቀበርኳት ይሆናል። ይህንንም ሳስብ ራሴን እፈራዋለሁ። አንዱን ስይዝ አንዱ እያመለጠኝ ምግብም እንቅልፍም አጣሁ።

የሚያስቸኩለኝ ደግሞ ሌላ አለ። የሆሳዕና ዋዜማ የከተማው ሹማምንትና የተማሪ ዘመዶች ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ፤ በፊታቸው ያንን ጽሑፍ እንዳነብ መምህር ሙሉብርሃን እኔን መርጠዋል። ደህና አድርጎ ያነበበ ለትምህርት አዲስ አበባ ይላካል ይባላል። እናታችን በነፍስ ካለች እየዘለልኩ አነበዋለሁ፤ ሹሙ ሆዱን ይዞ ይሳቅ፣ እሷም ብትሰማ ደስ ይላታል። ከሌለች ግን ለቅሶዋን ሳልቀመጥ በእሷ አፍ ሰው አላስቅም፤ አዲስ አበባም ትቅርብኝ። ይህን ለመምህሩ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ስምህን አልሰርዝም፤ አነባለሁም አላነብም የምትለው ያን ቀን ራስህ ነህ» አሉኝ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ካለች አንዲት ስድቧን ይላኩልኝ። አንዲት ብቻ። ጾም የሻርክ አህያ ትበለኝ፣ የፈለገችውን ትበለኝ። እርስዎ ፈጥረው እንዳይጽፉልኝ፣ አውቀዋለሁ። እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ስድብ አይሆንልዎትም፤ እሷ ደግሞ አንዱን ስድብ ሁለት ጊዜ ተሳድባ አታውቅም። ከሌለች ግን ደህና ናት የሚል ወረቀት ከእንግዲህ አይላኩልኝ። እርስዎ ራስዎ ይምጡ። በማለዳ መጥተው በሩን ይምቱት፤ ሳይናገሩ ይገባኛል። ወንድሜ አልነገረኝም ከምል፣ ወንድሜ መጥቶ ነገረኝ ብዬ ባለቅስ ይሻለኛል። አብደላ ነገ ወደ ነገሌ ይነሣል፤ ሲመለስ ከሆሳዕና በፊት ይደርስልኛል።

ለአባታችን «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ከረሙ» ብሎ ጉልበትዎን ስሟል ይበሉልኝ። ለእትዬ ዲንቄ እጅ ነሥቻለሁ። መሰለችን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ፊደሉን እንዳትተወው ይምከሩልኝ። ለጎረቤታችን ለቡዜና ለደጁ ሰው ሁሉ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። አክስታችን ዘርፉም ሰላም ብላለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም።

አሁን የእናታችን ተራ ደረሰ። እግሯን ይሳሙልኝ ብል፣ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ነፍሷን ይማር ብል እጄ አይታዘዘኝም። መምህሬ የራስህን ቃል አምጣ እያሉ ሲያስተምሩኝ ከረሙ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል የለኝም። መስመሩን ባዶውን ትቼልዎታለሁ፤ የሚሆነውን እርስዎ ጽፈው ይመልሱልኝ።

ለእናታችን ለወይዘሮ አማረች፦ ................................................

ታናሽ ወንድምዎ
መርዳሳ ወዬሳ
አዳማ፣ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.