«አላስፈራችም» ተብላ ከሥራ ስለታገደችው የሙት መንፈስ

ለተከበሩ የመዝናኛ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ የመለሰችኝ ጸሐፊዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ጽኑ ተስፋዬ ነው። እኔ ስብሰባ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ እጅግ ደህና ነኝ። ፊት ለፊት ላስረዳዎ ያሰብኩትን ጉዳይ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ብቻ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ የገዛችልኝን ትኬት ይዤ «አስፈሪው ቤት» የተባለውን ትርኢትዎን ጎብኝቻለሁ። አብራኝ ልትመጣ ነበር፤ በመጨረሻ ሰዓት ደውላ «አባዬ፣ ሥራ ያዘኝ፤ አንተ ግን እንዳትቀር» አለችኝ። አልቀረሁም።

መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ እንደተጻፈው፣ ቤቱ የተሠራው በአንድ አስፈሪ ታሪክ መሠረት ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ብቻውን ይኖራል፤ ሟቿም በየቀኑ እየመጣች በሩን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ የከፈተላት ዕለት አለቀለት። ጎብኚው አንድ በአንድ እየገባ በሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ሲንኳኳ ጮኾ በጓሮ በኩል ይሮጣል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፦ ጣሪያው ላይ የሚርገበገበው አምፖል የሙታን ሥራ ሳይሆን የላላ ሽቦ ሥራ ነው። ከጎብኚዎችዎ አንዱ ከምር መንፈስ ሆኖ እንዳይቀርብዎ፣ ሽቦውን አጥብቆ የሚያስር ሰው ይላኩ።

፪ኛ፦ ለማስፈራት ተብለው የተደረደሩትን ዕቃዎች በጥሞና ተመልክቻለሁ። አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ የቀረበበት ጠረጴዛ፣ የማይጠራ ስልክ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተተኛበት አልጋ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሴት ሹራብ። ከእኔ በፊት ተራ በተራ የገቡት ወጣቶች ይህን እያዩ ሲጮኹ ውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። እኔ ግን እቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ፤ ሹራቡ እንኳን የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። ሰው ተሰልፎ የሚጮኽበትን ቤት አራት ዓመት ሙሉ ያለ ትኬት ስኖርበት ቆይቻለሁ። ኑሮዬ ለሕዝብ የሚታይ ትርኢት ሊሆን እንደሚበቃ ስላስገነዘቡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ፦ በሩን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ስላለ፣ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። አልዋሽዎትም፣ የእኔን በር ሰው ካንኳኳው ቆይቷል፤ ቆጣሪው ከቤት ወደ አጥር ከወጣ ወዲህ ቆጣሪ አንባቢው እንኳን ቀርቷል። ስለዚህ እግሬ ከአሳቤ ቀድሞ ተነሣ። ከፈትኩና «ቤት ለእንግዳ! ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል» አልኩ። ፊቷን ዱቄት የተለቀለቀች፣ ጸጉሯን ያንጨባረረች ሴት ሁለት እጆቿን ወደ አንገቴ ዘርግታ ቆማለች። በሥራ ዘመኗ በሩን የከፈተላት ጎብኚ ኖሮ ስለማያውቅ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። እጆቿን አወረደችና «አባባ፣ መሮጥ ነበረብዎ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጉልበቴ ከሩጫ ጋር ከተኳረፈ መቆየቱን ነገርኳት። ያለውን አንድ ወንበር ለቅቄላት እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመች፣ እግሯ ማበጡን፣ ትንሹ ልጇም «ዱቄቱን ካልታጠብሽ አልስምሽም» እንደሚላት አጫወተችኝ። እኔም ስለ ባለቤቴ አጫወትኳት። ባለቤቴ ቁልፍ በቦርሳዋ ይዛ በሩን ታንኳኳ ነበር፤ ምነው ስላት «አንተ እንድትከፍትልኝ ነዋ» ትለኝ ነበር። ይህን ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። ተቆጣጣሪዎ ከውጭ እስኪጠራት ድረስ ሁሉም ነገር ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

፬ኛ፦ በማግስቱ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ስመለስ፣ ትኬት ቆራጩ ሴትዮዋ መታገዷን ነገረኝ። ክሱንም ከሠራተኞች ሰሌዳ ላይ በዓይኔ አነበብኩ፦ «ጎብኚን ባለማስፈራት፣ እንዲሁም ከጎብኚ ጋር ተቀምጦ በማውራት» ይላል። የፊታችን ሰኞ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ኮሚቴው ካጸደቀው ከሥራ ትሰናበታለች። የተከበሩ ሆይ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ተቀመጪ ያልኳትም እኔ ነኝ። የልጅ እናት እንጀራዋን የምታጣው እንግዳ ተቀባይ ሽማግሌ ስላጋጠማት ከሆነ፣ ከታሪኩ ይልቅ መሥሪያ ቤትዎ ያስፈራል። የግድ አንድ ሰው መታገድ ካለበት እኔን ያግዱኝ፤ እቤት የመዋል በቂ ልምድ አለኝ።

ሰውን በማስጮኽ ለሚሰጡት አገልግሎት ያለኝን አድናቆት እየደገምኩ፣ ስብሰባዎችዎ እንዲበዙልዎ፣ በርዎን የሚያንኳኳም እንዲጠፋልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለልጄ፤ ሥራ ሲለቃት እንድታነበው

ማሳሰቢያ፦ «ጎብኚን አላስፈራችም» የሚለው ክስ ፈጽሞ ሐሰት ስለሆነ፣ ኮሚቴዎ ቀጥሎ ያለውን ምስክርነቴን ይመዝግብልኝ። ተቆጣጣሪው ሲጠራት ተነሣች፤ ጸጉሯን መልሳ አንጨባረረች፤ «በሉ አባባ፣ ልሂድ፤ ደህና ይዋሉ» አለችኝና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። በሥራ ዘመኔ ኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ይዞኛል፣ ከምሰሶ ላይም ወድቄያለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼ አላውቅም።