መስኮት ስለሚያስደፍነው የምሽግ ሕግዎ

ለተከበሩ አቶ ሃርላን ኦስትራይክ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሱቅዎ ጀርባ በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚካሄደው የጦረኞችና የዘንዶዎች የምናብ ጨዋታ ዳኛና ሕግ አውጪ፤

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ይልቁንም የማይነጥፈው ብዕርዎ፣ እንደምን ነው? እኛ የዊስኮንሲን ብርድ ቢበረታም፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አጥተን ከርመናል።

የቨርሊን ባለቤት ማርሊስ ነኝ። ባሌን የትራክተር ፋብሪካው ባሰናበተው ሰሞን ወደ ጠረጴዛዎ ስለጋበዙት፣ በጨዋታው ውስጥ የሚመራው ጦረኛም ማዕረግ ሲያገኝ በወረቀት ላይ ምሽግ እንዲሠራ ፈቅደው የጻፉትን የግንባታ ሕግ ስለሰጡት ውለታዎ አለብኝ። እሱም ሌላ ቤት ስለማያውቅ የኛኑ ቤት ሣለ። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሕግዎ መስኮት ሁሉ ለጠላት በር ነው ይላል። ቨርሊን በወረቀቱ ላይ መስኮቶቹን ሲደፍን፣ በሰው ፊት «ጌታ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ስላሞገሱት፣ በማግስቱ የወጥ ቤቴን መስኮት በጡብ ደፈነው። «ምን ነካህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጠላት በጸደይ ይመጣል ብሏል ሃርላን፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ከበባ የደነገጉት አንቀጽ የልጃችንን የኮሪንን ክፍል የዱቄት ጎተራ፣ የገላ መታጠቢያውን ገንዳ የውሃ ጉድጓድ አደረገው።

ሦስተኛ፣ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ብለምንዎ፣ «ኧረ ማርሊስ፣ ወረቀት እኮ ነው! ቨርሊንን የሚያህል ተጫዋች የለኝም» ብለው በሳቅ ሸኙኝ። በዚያው ሐሙስ የጨዋታውን ዕጣ የሚወስነውን ዳይስ ወርውረው፣ በምሽጉ ውስጥ ከሃዲ እንዳለ አወጁ። ባሌ ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልቀምስለት እህል አልበላም። የበሩን ቁልፍ አንገቱ ላይ አሰረ። ኮሪንን ጠርቶ፣ «እናትሽ ከማን ጋር ትነጋገራለች?» ብሎ ሲጠይቃት በጆሮዬ ሰማሁ። ለአሥራ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን ፈራሁት።

ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ እሱ ከጓሮ ጡብ ሲጭን፣ የመጨረሻውን መስኮት ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ ጡብ በእጄ ገፍቼ ጣልኩና ልጄን ይዤ ወጣሁ። ከተጠለልኩበት ከእህቴ ቤት እየሄድኩ ደጁ ላይ ስጠራው ከግድግዳው ውስጥ ሆኖ፣ «ማነሽ?» ይለኛል። ስሜን ብነግረው አያምንም።

ክቡር ሆይ፣ እሱ የሚሰማው የእርስዎን ቃል ብቻ ነውና፣ ሄደው ጦርነቱ አልቋል ይበሉት። ይህን የሚከለክል አንቀጽ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

በሕግዎ ጥላ ሥር ለመኖር ዕድል ያገኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር፣
ማርሊስ

ማስታወሻ፦ ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ ቨርሊን ምድር ቤቱን ጠርጎ ግድግዳው ላይ የሰንሰለት ማሰሪያ የብረት ቀለበት ተክሏል። ለማን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «የምሽግን መግቢያ ሁሉ የሚያውቅ ዳኛ በሜዳ አይለቀቅም» አላት። ሲሄዱ ወፍራም ካፖርት ይልበሱ፤ እዚያ ታች ማሞቂያ የለም።