ዘጠኝ ሰከንድ ለእሜቴ

እናትዬ፣ ስትወጪ ስትገቢ ክፉ አይይሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም። እኔ ደህና ነኝ።

አባትሽ ይዞሽ ከሄደ ወዲህ ድመትሽ እሜቴ አስም ይዟታል። የእንስሳት ሐኪሙ፣ «ደረቷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ አንገቷን አስግጋ ስትስል ጸጉር ውጣ ያነቃት እንዳይመስልሽ፤ አስም ነው» አለኝ። የድመት መተንፈሻ ጭንብል የምገዛበት አቅም ስለሌለኝ፣ ሕፃን ሳለሽ የአስም መድኃኒት የምትስቢበትን ቱቦ ከነጭንብሉ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየውና፣ «ይሄማ በልኳ የተሰፋ ነው፤ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ትተንፍስበት» አለ። ሽቶ ትቻለሁ። አቧራ እንዳይነሳባት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ «ልጅሽን ወስደውብሽ አንቺ ድመት ታስታምሚያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ። ይቺን ዳኛ አልወሰደብኝም» አልኳት። አንቺን ለአባትሽ በሰጠው ፍርድ ላይ ይግባኝ ራሴ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ አልተውኩትም።

ችግሩ እሜቴ ጭንብሉን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። አርፋ የምትቀመጠው ስልኬ ላይ ቀርጸሽ የተውሽውን «ነይ እሜቴ፣ አይዞሽ» ስትሰማ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ አራተኛው ትንፋሽ ላይ ያልቃል። ደግሜ እስክከፍተው ታመልጠኛለች።

እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፤ ሰው አይጥፋብሽ። እባክሽ አንድ ደቂቃ የሚሞላ ድምፅ ቀርጸሽ ላኪልኝ። ለዚህ አባትሽን ማስፈቀድ የለብሽም። የፈለግሽውን አውሪላት፤ የበላሽውን፣ የተማርሽውን። እኔ ጭንብሉን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

እናትሽ