የእርሳስ ሽልማት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ነቀምቴ

አለንጋውን ከተውኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ልጅ አይገረፍም፤ እርሳስ ይሸለማል። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር አመስግኖኛል።

ዛሬ ጫልቱን ትናንት ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልናገር? አጎቴ ከጫካ መጥቶ ነው። እግሩ ቆስሏል። እማዬ ለሰው እንዳትናገሪ ብላኛለች።»

ፊት ወንበር የምትቀመጠው ሌንሴ ዞር ብላ አየቻት። የሌንሴ አባት የሚሊሻ አዛዥ ነው።

«ቀልደኛ! ቁጭ በይ» ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ።

«አልቀለድኩም፣ ዱጉማ፣ እውነቴን ነው! እርሳሴስ?»

ብከለክላት ነገሩ ይከብዳል ብዬ ሰጠኋት።

የመውጫው ደወል ሲደወል ሌንሴን በር ላይ አስቀረኋት።

«ጫልቱ ያለችውን ለአባትሽ ካልነገርሽ ሁለት እርሳስ እሰጥሻለሁ።»

እርሳሶቹን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ቀልድ ነው አላሉም እንዴ?»

ሮጣ ሄደች።

የእነሌንሴ ቤት ከትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ አይርቅም። አባቷ ለምሳ ቤት ይገባል። አሁን ሰባት ሰዓት ነው።